ከማብላያ ገንዳ እስከ ራይቦስዊች፦ በጅማ ላቦራቶሪ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት መጀመሪያ

የዚህ ሥራ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። ባክቴሪያ አንድን ሞለኪውል በጣም ከሚመስለው ሌላ ሞለኪውል ለይቶ፣ በዚያች ጥቂት ልዩነት ላይ ብቻ ተመሥርቶ ጂን የሚከፍተውና የሚዘጋው እንዴት ነው? ጥያቄውን በሁለት መንገድ እንከታተለዋለን። አንደኛው ባክቴሪያዎች ወደ አካባቢያቸው የሚለቋቸውንና ጎረቤቶቻቸው የሚቀበሏቸውን ምልክት ሰጪ ሞለኪውሎች ይመለከታል። ሁለተኛው ራይቦስዊች የሚባለውን፣ ማለትም መልእክተኛው አር ኤን ኤ ያለ ምንም ፕሮቲን ረዳትነት በሴሉ ውስጥ ያለውን የንጥረ ነገር መጠን ራሱ ለክቶ ጂኑን የሚያዝበትን ሥርዓት ይመለከታል። ሁለቱንም በዐይን በሚታይ ቀለም ማሳየት ስለሚቻል፣ ውድ መሣሪያ በሌለበት የማስተማሪያ ላቦራቶሪ ውስጥም ሊሠሩ እንደሚችሉ አምናለሁ። ተማሪዎቻችን የጂን ቁጥጥርን ከመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ተምረው መመረቃቸው ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

ሥራው ባክቴሪያ በሚያድግበት ምግብ፣ በሚዲያ ዝግጅት ተጀመረ። በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነውን መሣሪያ፣ አውቶክሌቭን በተመለከተ በተመሳሳይ ከፍታ ለሚሠሩ ሰዎች የሚጠቅም አንድ ነገር ላስፍር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ የአውቶክሌቩ መለኪያ የሚያሳየው ደግሞ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌው 15 ፒ ኤስ አይ ላይ ሲደርስ የእንፋሎቱ ሙቀት 121 ሳይሆን 118 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሆናል። 121 ዲግሪ ለማግኘት መርፌው ወደ 18 እስኪጠጋ መጠበቅ፣ መሣሪያው ለዚህ ግፊት ካልተሠራ ደግሞ የማምከኛውን ጊዜ ማርዘም ያስፈልጋል።

ጥቅምት አጋማሽ

ናሙናውን የወሰድነው በአጋሮ መስመር ከሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። እሸቱ ተፈልፍሎ ማብላያ ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ፍሬውን የሸፈነው ፔክቲን ያለበት ሙጫ በረቂቅ ተሕዋስያን ኢንዛይሞች እየተበላ ይላቀቃል። በሥራው ላይ የነበሩት አዛውንት ክንዳቸውን ወደ ገንዳው አጥልቀው እፍኝ ፍሬ አወጡና በሁለት መዳፋቸው መካከል አሹት። «ልጄ፣ ይኼ ገና ያዳልጣል፤ እንደ ጠጠር ሲንኮሻኮሽ ነው የሚታጠበው» አሉኝ። ስንት ሰዓት እንደሚቀረው ስጠይቃቸው፣ ሌሊቱ ከሞቀ ለጠዋት፣ ከቀዘቀዘ ግን ለነገ ከሰዓት እንደሚደርስ ነገሩኝ።

ከዚህ ገንዳ ለመጀመር የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ድንችንና ካሮትን የሚያበሰብሰው ፔክቶባክቴሪየም ካሮቶቮረም የተባለው ባክቴሪያ፣ ፔክቲን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞቹን በብዛት የሚያመርተው ቁጥሩ አድጎ የለቀቀው ምልክት ሰጪ ሞለኪውል በአካባቢው ከተጠራቀመ በኋላ እንደሆነ በሚገባ ተረጋግጧል። ፔክቲን በሚበላበት ገንዳ ውስጥም ይህን ዓይነት ምልክት የሚለቅ ባክቴሪያ መፈለግ ተገቢ መስሎ ታየኝ። ፈሳሹን በደረጃ አቅጥነን ፕሌት ላይ ዘረጋንና በ28 ዲግሪ አቆየነው። ከበቀሉት ኮሎኒዎች መካከል ግራም ኔጋቲቭ የሆኑትን በፍጥነት ለመለየት ጥቂት ኮሎኒ በ3 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ውስጥ በሉፕ አማስለን ቀስ እያልን ወደ ላይ ሳብነው። የግራም ኔጋቲቩ ሴል ግድግዳ ፈርሶ ዲ ኤን ኤው ስለሚወጣ፣ ከሉፑ ጋር እንደ ክር የሚሳብ ዝልግልግ ነገር ይከተላል፤ የግራም ፖዘቲቩ ግን ውሃ እንደሆነ ይቀራል። ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን በዚህ ደረጃ ወደ ጎን አደረግናቸው። እነርሱ የሚግባቡት በአጫጭር ፔፕታይዶች ስለሆነ እኛ የያዝነው፣ ምልክት ሲደርሰው ቀለም የሚያወጣው አመልካች ባክቴሪያ ሊሰማቸው አይችልም።

ጥቅምት መጨረሻ

አመልካቹ ክሮሞባክቴሪየም ቫዮላሲየም ሲቪ026 ነው። የዚህ ባክቴሪያ የተፈጥሮ ዝርያ ቫዮላሲን የሚባል ሐምራዊ ቀለም ከትሪፕቶፋን ይሠራል። ቀለሙን የሚሠሩት ጂኖች የሚከፈቱት ደግሞ ባክቴሪያው ራሱ የሚለቀው፣ ስድስት ካርቦን ያለው የአሲል ሰንሰለት እንደ ጅራት የተሸከመ ሆሞሴሪን ላክቶን (ላክቶን የሚባል ቀለበት ያለው ሞለኪውል) በበቂ መጠን ሲጠራቀም ነው። በ1997 የተገለጸው ሲቪ026 ግን ምልክቱን የሚሠራው ጂን የተሰበረበት ሲሆን መቀበያ ፕሮቲኑ ደህና ነው። ስለዚህ ብቻውን ሲያድግ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላ ባክቴሪያ ተስማሚ ምልክት ከለቀቀለት ሐምራዊ ይሆናል።

የዚህ ሥርዓት ታሪክ ከባሕር ይነሣል። በ1970 ኒልሰን፣ ፕላትና ሄስቲንግስ፣ ብርሃን የሚሰጡ የባሕር ባክቴሪያዎች ብርሃናቸውን የሚያበሩት በብዛት ሲከማቹ ብቻ እንደሆነና ለዚህም ወደ ፈሳሹ የሚለቁት ነገር ምክንያት እንደሆነ አሳዩ። የሞለኪውሉ ቅርጽ በ1981 ታወቀ፤ ኮረም ሴንሲንግ የሚለው ስያሜ ደግሞ በ1994 ወጣ። ምልዓተ ጉባኤው ሳይሞላ ዕድር ውሳኔ እንደማያሳልፍ ሁሉ፣ ለብቻ ቢደረግ ከንቱ የሚሆን ሥራ፣ ለምሳሌ ኢንዛይም ወደ ውጭ መርጨት፣ ቁጥር እስኪሞላ ይዘገያል። ባክቴሪያው ቁጥርን በቀጥታ አይቆጥርም፤ የሚለካው የሞለኪውሉን መጠን ነው። በጠባብ ቦታ የታሰረ ጥቂት ባክቴሪያም ብዙ እንደሆነ ያህል ምላሽ ሊሰጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ይህን ልዩነት ለተማሪዎች ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ሲቪ026ን በቅድመ ካልቸር ጊዜ በካናማይሲን አሳደግነው፤ መድኃኒቱን የሚቋቋም ጂን ስላለው ንጽሕናው በዚህ ይጠበቃል። መፈተኛው ፕሌት ላይ ግን ካናማይሲን አልጨመርንም፤ የገንዳው ባክቴሪያዎች ይሞቱብናልና። አመልካቹን በአንድ መስመር፣ የሚፈተነውን ባክቴሪያ ደግሞ ወደዚያ መስመር እየቀረበ በሚሄድ ሌላ መስመር ሰመርን። በማግስቱ አብዛኞቹ ፕሌቶች ላይ አመልካቹ ነጭ ነበር። ጅ-4 ብለን የሰየምነው ቢጫ ኮሎኒ አጠገብ ግን የአመልካቹ መስመር ሁለቱ በሚቀራረቡበት ጫፍ ጠቆር ያለ ሐምራዊ፣ ራቅ ሲል ፈዛዛ፣ ከዚያም ነጭ ሆኖ አየነው። ቀለሙ ደረጃ በደረጃ መፍዘዙ ሞለኪውሉ በአጋሩ ውስጥ እየሰረገ ሲሄድ መጠኑ መቀነሱን ስለሚያሳይ፣ ከየትኛውም የቁጥር ሠንጠረዥ በላይ አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የሰንሰለቱ ርዝመት ነገር እዚህ ላይ መነሣት አለበት። የሲቪ026 መቀበያ ከ4 እስከ 8 ካርቦን ባላቸው ሰንሰለቶች ይነቃል። 10 ካርቦንና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን አያነቁትም፤ እንዲያውም ስድስት ካርቦኑ ምልክት በአጠገቡ ሳለ ቀለሙን ያጠፉታል። ቀለበቱ ያው ነው፤ የሚለያየው የጅራቱ ርዝመት ብቻ ነው። ስለዚህ «ነጭ» የሚለው ውጤት «ምልክት የለም» ማለት አይደለም፤ ሐምራዊ ባደረግነው ፕሌት ላይ ቀለሙን የሚያጠፋ መኖር አለመኖሩን የሚመረምር ሁለተኛ ፈተና ያስፈልገዋል።

ኅዳር መጀመሪያ

የጅ-4ን የአንድ ሌሊት ካልቸር በሴንትሪፊዩጅ አጥልለን፣ በ0.22 ማይክሮሜትር ፊልተር አሳልፈን፣ አጋሩ ላይ በተበሳ ጉድጓድ ውስጥ ስንጨምረው የተገኘው ቀለም ሕያው ባክቴሪያው ከሰጠው እጅግ የደከመ ነበር። የፈሳሹ ፒ ኤች ሲለካ ከ8 በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱም ይኸው ነው። ሉሪያ በርታኒ በተባለው ሚዲያ ላይ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው አሚኖ አሲዶችን ስለሚመገቡ አሞኒያ እየተለቀቀ ፈሳሹ ወደ አልካላይ ይሄዳል፤ የላክቶን ቀለበት ደግሞ በአልካላይ ውስጥ በውሃ ተሰብሮ ይከፈታል። ቀለበቱ የተከፈተው ሞለኪውል ለመቀበያው ምልክት መሆኑ ያበቃል። ሚዲያውን ፒ ኤች 6.8 ላይ በፎስፌት በፈር ስናጸናው ከዚያው ባክቴሪያ የተገኘው ፈሳሽ ደማቅ ሐምራዊ ክብ ሰጠ።

ይህ ውጤት ወደ ገንዳው መለሰኝ። ቡናው ሲብላላ ፈሳሹ እየጎመዘዘ ስለሚሄድ፣ ላክቶኑ በገንዳው ውስጥ ከላቦራቶሪው ሚዲያ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል ማለት ነው። ባክቴሪያው ምልክት የሚለቅበት አካባቢ ኬሚስትሪ የምልክቱን ዕድሜ ይወስናል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ «ምልክት የማይለቅ» የተባለ ባክቴሪያ በተፈጥሮ ቦታው የሚለቅ ሊሆን ይችላል።

ኅዳር አጋማሽ

ጅ-9 የተባለውና ከገንዳው ጠርዝ የተገኘው ባሲለስ መሳይ ባክቴሪያ ሌላ ነገር አሳየን። አመልካቹን ከስድስት ካርቦኑ ላክቶን ጋር ቀላቅለን መላው ፕሌት ሐምራዊ እንዲሆን አድርገን ሳለ፣ በጅ-9 ዙሪያ ነጭ ክብ ተፈጠረ። እንዲህ ያለ ነጭ ክብ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፦ አመልካቹ ሞቶ ይሆናል፣ ወይም በሕይወት እያለ ምልክቱ ተወስዶበት ይሆናል። ክቡ ወደ ብርሃን ሲያዝ ጥርት ያለ ሳይሆን እንደ ወተት ደፍርሶ ይታይ ነበር፤ ይህም ባክቴሪያ እንዳለበት ያመለክታል። ከዚያ ቦታ በሉፕ ነክተን ካናማይሲን ያለበት አዲስ ፕሌት ላይ ስንሰምር አመልካቹ በሚገባ በቀለ። ስለዚህ አልተገደለም፤ ዝም እንዲል ተደረገ እንጂ።

ከባሲለስ ወገን ላክቶኑን የሚያፈርስ ላክቶኔዝ የተባለ ኢንዛይም እንደሚገኝ ከ2000 ጀምሮ ይታወቃል። የእኛም ይኸው መሆኑን ለማጣራት የጅ-9ን ሕያው ሴሎች ፒ ኤች 6.5 በሆነ በፈር ውስጥ ከላክቶኑ ጋር ለጥቂት ሰዓታት አቆይተን አጠለልናቸው፤ ጎን ለጎንም ቀድመው በፈላ ውሃ የተቀቀሉ ሴሎችን በዚያው መልክ አዘጋጀን። ከተቀቀሉት የተገኘው ፈሳሽ ሐምራዊ ሲሰጥ ከሕያዋኑ የተገኘው ነጭ ሆነ፤ ሥራው በሙቀት የሚጠፋ፣ የኢንዛይም ሥራ ነው ማለት ነው። ወሳኙ ፈተና ግን ቀጣዩ ነበር። ነጭ የሆነውን ፈሳሽ ፒ ኤች 2 እስኪደርስ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጎምዝዘን ካቆየነው በኋላ ወደ ገለልተኛ መልሰን ስንፈትነው ሐምራዊው ተመለሰ። አሲድ የተከፈተን ቀለበት መልሶ ይዘጋል፤ የተቆረጠን የአሲል ሰንሰለት ግን መልሶ ሊቀጥል አይችልም። ስለዚህ ጅ-9 ያደረገው ቀለበቱን መክፈት ብቻ ነው። በአንድ ጠርሙስ አሲድ የላክቶኔዝንና ሰንሰለቱን የሚቆርጠውን የአሲሌዝን ሥራ መለየት መቻሉ ከዚህ ሁሉ ሥራ በጣም የወደድኩት ክፍል ነው።

ኅዳር መጨረሻ

አሁን ወደ አር ኤን ኤው እንሻገራለን። እስካሁን ምልክቱን ሲቀበል የነበረው ፕሮቲን ነው። በ2002 ግን የብሬከርና የኑድለር የምርምር ቡድኖች፣ የተወሰኑ የባክቴሪያ መልእክተኛ አር ኤን ኤዎች መነሻ ክፍል እንደ ቢ12፣ ቲያሚን ፓይሮፎስፌትና ኤፍ ኤም ኤን ያሉ ትንንሽ ሞለኪውሎችን በቀጥታ እንደሚይዝና በዚህም የራሱን ጂን እንደሚቆጣጠር አሳዩ። አሠራሩ እንዲህ ነው። መልእክተኛው አር ኤን ኤ ገና እየተገለበጠ ሳለ መነሻው ይታጠፋል፤ ሞለኪውሉ ካለ አንድ ዓይነት እጥፋት፣ ከሌለ ሌላ ዓይነት እጥፋት ይይዛል። በአንዱ እጥፋት ግልበጣውን የሚያቆም የፀጉር ሹካ ቅርጽ ይፈጠራል፣ ወይም ራይቦዞም የሚያርፍበት ቦታ ይሸፈናል፤ በሌላው ይከፈታል። ቲያሚን በበቂ ሁኔታ ያለው ሴል ቲያሚን የሚሠሩ ጂኖቹን የሚዘጋው በዚህ መንገድ ነው። የቲያሚኑ ራይቦስዊች በእፅዋትና በፈንገሶችም ውስጥ መገኘቱ ሥርዓቱ ጥንታዊ ሳይሆን አይቀርም ያሰኛል።

የመለየት ችሎታውን ለማስረዳት የጓኒንና የአዴኒን ራይቦስዊቾችን የሚያክል ምሳሌ አላውቅም። የሁለቱ አጠቃላይ ቅርጽ አንድ ነው። በመያዣ ኪሱ ውስጥ 74ኛው ፊደል ሲ ከሆነ ጓኒንን፣ ዩ ከሆነ አዴኒንን ይይዛል፤ ይህን አንድ ፊደል በመለወጥ ብቻ ምርጫው ይገለበጣል።

እኛ የምንሠራበት ግን በሰው እጅ የተመረጠ የቲዮፊሊን መያዣ ነው። ቲዮፊሊን ለአስም የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን ከካፌይን የሚለየው በ7ኛው ናይትሮጅን ላይ አንድ ሜቲል ስለሌለው ብቻ ነው። በ1994 የወጣው ጥናት ይህ አር ኤን ኤ ቲዮፊሊንን ከካፌይን ከ10,000 ጊዜ በላይ አጥብቆ እንደሚይዝ አሳይቷል፤ ካፌይኑ የተሸከመው ሜቲል በኪሱ ውስጥ ሃይድሮጅን ቦንድ ሊሠራበት የሚገባውን ቦታ ይይዛል። በ2004 ደግሞ ይኸው መያዣ በኢ. ኮላይ ውስጥ ከራይቦዞም ማረፊያው ፊት ተተክሎ ጂን እንዲከፍት ተደርጓል። ቡና አምራች በሆነች ከተማ ካፌይንን ከቅርብ ዘመዱ የሚለይ አር ኤን ኤ ለተማሪ ማሳየት ትርጉም ያለው ሥራ ነው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ከተባባሪ ላቦራቶሪ የደረሰን ፕላስሚድ (ወደ ባክቴሪያ የሚገባ ክብ ዲ ኤን ኤ)፣ ራይቦስዊቹ ከላክዜድ ጂን ፊት የተተከለበት ነው፤ የዚህ ጂን ኢንዛይም ኤክስ-ጋል የተባለውን ንጥረ ነገር ሰማያዊ ያደርጋል። የራሱ ላክዜድ የተሰረዘበት ኢ. ኮላይ ውስጥ አስገብተን፣ ኤክስ-ጋል በተጨመረበት አጋር ላይ አራት ዓይነት ፕሌት አዘጋጀን፦ ምንም ያልተጨመረበት፣ 1 ሚሊሞላር ቲዮፊሊን ያለበት፣ 1 ሚሊሞላር ካፌይን ያለበት፣ እና ሁለቱም ያሉበት። 1 ሚሊሞላር ቲዮፊሊን በሊትር 180 ሚሊግራም፣ ካፌይን ደግሞ 194 ሚሊግራም መሆኑን ለሚደግሙት ሰዎች እጽፋለሁ። የሜቲሉ ልዩነት 14 ሚሊግራም ነው።

ቲዮፊሊን ያለባቸው ሁለቱም ፕሌቶች ሰማያዊ ኮሎኒ ሰጡ፤ የቀሩት ሁለቱ ፈዛዛ ሆነው ቀሩ። አራተኛው ፕሌት ሰማያዊ መሆኑ ካፌይኑ በእኩል መጠን ቢኖርም ቲዮፊሊኑን ከኪሱ እንዳላስወጣው ያሳያል። መያዣ ክፍሉ የሌለው ፕላስሚድ ያለበት ባክቴሪያ በአራቱም ላይ እኩል ሰማያዊ ሆነ። ይህ ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ ለውጡ ከራይቦስዊቹ ይሁን ከሌላ የሴል ምላሽ መለየት ባልተቻለ ነበር። ከተማ ውስጥ እንደሚፈላው ያለ ቡና አጥልለን ስንጨምርም ቀለም አልወጣም። ቡናው ውስጥ ከካፌይን ሌላ ብዙ ነገር ስላለ ይህን ውጤት ለክፍል ማሳያ እንጂ ለማስረጃ አልጠቀምበትም።

የኢንዛይሙን መጠን፣ በዚያው ኢንዛይም ሲሰበር ቢጫ በሚሆነው ኦ ኤን ፒ ጂ ለመለካት ስንጀምር አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ስለቀዘቀዘ ካልቸሮቹ እኩል አላደጉም፤ ልኬቱ በሴል መጠን ስለሚካፈል ውጤቱን ማዳን ተቻለ። ቲዮፊሊኑን ከ0 እስከ 2 ሚሊሞላር በደረጃ ስንጨምር በ420 ናኖሜትር የሚነበበው ቢጫ ቀለም አብሮ ጨመረ። ራይቦስዊች እንደ አምፖል የሚበራና የሚጠፋ ብቻ ሳይሆን በመጠን የሚያዝ መሆኑን ተማሪዎቹ ራሳቸው ከሳሉት መስመር አነበቡት።

ታኅሣሥ አጋማሽ

ሁለቱ መንገዶች በባክቴሪያ ውስጥ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ቀጣዩ ሥራችን በዚያ ላይ ይሆናል። ሳይክሊክ ዳይ ጂ ኤም ፒ በ1987 ሴሉሎስ በሚሠራ ባክቴሪያ ውስጥ የተገኘ የሴል ውስጥ መልእክተኛ ሲሆን፣ መጠኑ ሲጨምር ብዙ ባክቴሪያዎች መዋኘት ትተው ተጣብቀው መኖር ይጀምራሉ። በ2008 ይህን ሞለኪውል የሚይዝ ራይቦስዊች ተገለጸ፤ በኮሌራ ባክቴሪያ ውስጥ የሚገኘው 1 ናኖሞላር አካባቢ በሆነ መጠን እንኳ ይይዘዋል። የቪብሪዮ ባክቴሪያዎች የኮረም ሴንሲንግ መልእክታቸውን በትንንሽ አር ኤን ኤዎች አማካይነት እንደሚያስተላልፉም ከ2004 ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ «ምልክት» እና «የአር ኤን ኤ ቁጥጥር» ብለን በሁለት ምዕራፍ የምናስተምረው ነገር በሴሉ ውስጥ አንድ መስመር ነው፤ የማስተማሪያ ቅደም ተከተላችንም በዚህ መሠረት ቢስተካከል እመርጣለሁ።

ለጊዜው ጅ-4ን ጨው በሌለበትና ኮንጎ ሬድ የተባለ ቀይ ቀለም በተጨመረበት አጋር ላይ በ25 ዲግሪ አስቀምጠነዋል። ሴሉሎስና መሰል የማጣበቂያ ቁሶች ቀለሙን ስለሚስቡ ኮሎኒው ቀልቶና ተሸብሽቦ ከታየ የሳይክሊክ ዳይ ጂ ኤም ፒ መጠኑ ከፍ ማለቱ ይጠረጠራል። ጎን ለጎን ጅ-9 አብሮት የተዘራበት ፕሌትም አለ፤ ላክቶኑ ሲፈርስበት የጅ-4 ኮሎኒ መልክ ይለወጥ እንደሆነ በዚያ እናያለን። የሁለቱም ፕሌቶች ሚዲያ ፒ ኤች 6.8 ላይ በበፈር ጸንቷል።